ጥንታዊ የእንፋሎት መኪና ዕቃ፦ መለየት፣ ማጽዳት፣ መሸጥ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

አሜሪካ ያለን ሐበሾች ቅዳሜ ቅዳሜ ኢስቴት ሴልና ጋራዥ ሴል ማሳደድ የለመደብን ብዙ ነን። ሽማግሌው ያርፋሉ፣ ልጆቹ ቤቱን ለመሸጥ ይቸኩላሉ፣ ምድር ቤት ያለው ካርቶን በሙሉ በርካሽ ይወጣል። አልፎ አልፎ ከካርቶኑ ውስጥ ጥቁር፣ ከባድ፣ ዘይት የጠጣ የነሐስ ቫልቭ ብቅ ይላል። ከዚያ ፎቶው ይላክልኛል፤ "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" እየደጋገምኩ ከምመልስ እዚሁ አንድ ላይ ላስቀምጠው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ከአንድ ቦታ በቀር፤ እዚያ ስደርስ እናገራለሁ።

መኪና በእንፋሎት ይሄድ ነበር እንዴ?

አዎ፣ ያውም በደንብ። በ1900 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ቤንዚን፣ ባትሪና እንፋሎት ይፎካከሩ ነበር፤ ማን እንደሚያሸንፍም ገና አልለየም። መንትዮቹ ፍራንሲስና ፍሪላን ስታንሊ ማሳቹሴትስ ውስጥ የመጀመሪያ መኪናቸውን በ1897 ሠሩ። በ1899 ዲዛይኑን ሎኮሞቢል ለተባለው ኩባንያ ሸጡት፣ ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው በራሳቸው ስም መሥራት ጀመሩ፣ ፋብሪካው እስከ 1924 ድረስ ቆየ። በ1906 ፍሬድ ማሪዮት የሚባል ሰው የስታንሊ መኪና ይዞ ፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ላይ በሰዓት 205 ኪሎ ሜትር ነዳ። በእንፋሎት መኪና ይሄንን ክብረ ወሰን በይፋ ለመስበር እስከ 2009 መጠበቅ አስፈልጓል።

ክሊቭላንድ ኦሃዮ ደግሞ ኋይት ነበር፣ በልብስ ስፌት ማሽን የሚታወቀው። ፕሬዚዳንት ታፍት በ1909 ለዋይት ሐውስ ካስገቧቸው መኪኖች አንዱ የኋይት እንፋሎት ነው። ከሁሉም በኋላ የመጣው የካሊፎርኒያው ዶብል ነው፤ እሱ በጣም ጥቂት ነው የተሠራው፣ የዶብል ዕቃ በሃያ ዶላር ካርቶን ውስጥ እናገኛለን ብላችሁ አታስቡ።

ለምን ጠፋ? ጠዋት ውሃው እስኪፈላ መጠበቅ ነበረበታ። በ1912 ካዲላክ በኤሌክትሪክ የሚነሳ ሞተር ሲያመጣ፣ የቤንዚን ሞተርን በእጅ አዙሮ ማስነሳት ቀረና ለእንፋሎት የነበረው ምክንያት ሳሳ።

ለእኛም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በምኒልክ ዘመን ያስመጣው፣ "የሰርኪስ ባቡር" የተባለው፣ ያለ ሐዲድ መንገድ ላይ የሚሄድ የእንፋሎት ማሽን ነበር። እሱ ግን ከባድ ማሽን እንጂ የቤት መኪና አይደለም። ይሄ ልዩነት ቀጥሎ ያስፈልገናል።

እጄ ላይ ያለው የመኪና ዕቃ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ የሚያሳስተውን ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን እንፋሎት ያልገባበት ቦታ የለም። ጀልባ፣ የእርሻ ማሽን፣ ፋብሪካ፣ ላውንደሪ፣ የትምህርት ቤት ማሞቂያ፣ ሁሉም ቫልቭና ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ነበረው። ስለዚህ ሉንከንሃይመር የሚል ስም ያለበት ቫልቭ ወይም የዘይት ማንጠብጠቢያ ስታገኙ ቶሎ አትደሰቱ። የሲንሲናቲው ሉንከንሃይመር ለመጣ ሁሉ ነው የሚሸጠው። አሽክሮፍት፣ አሽተን፣ ክሮዝቢ የሚሉት ጌጆችም እንደዚያው ናቸው። ስሙ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ከስም ይልቅ መጠን ይናገራል። የመኪና ዕቃ ትንሽ ነው፣ ለትንሽነቱ ግን ይከብዳል፣ ምክንያቱም ግድግዳው ወፍራም ነው። የኋለኞቹ ስታንሊዎች እስከ 600 ፒኤስአይ ግፊት ይሠሩ ነበር፤ የዛሬ መኪና ጎማ ውስጥ ያለው 32 ገደማ መሆኑን አስቡና አመዛዝኑ። ቧንቧው ክንድ የሚያህል፣ እጀታው በሁለት እጅ የሚዞር ቫልቭ ከሆነ የፋብሪካ ወይም የመርከብ ነው። ጌጅ ካገኛችሁ ቁጥሩን አንብቡት። 30 ላይ የሚያበቃ ጌጅ የቤት ማሞቂያ ነበር ማለት ነው፤ 600 ላይ የሚሠራ ቦይለር (ውሃው የሚፈላበት ጋን) ከ600 በላይ የሚያነብ ጌጅ ያስፈልገዋል።

አይቶ መሳሳት የሚከብድባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የስታንሊ ቦይለር ነው፤ አጭርና ክብ ብረት፣ ዙሪያውን በቀጭን የፒያኖ ሽቦ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተጠመጠመ፣ ያውም ሦስት ድርብ። ሽቦው ለጌጥ አይደለም፣ ቅርፊቱ እንዳይፈነዳ የሚይዘው እሱ ነው። ከላይ ስታዩት ወንፊት ነው የሚመስለው፤ ባለ 23 ኢንቹ ብቻ 751 ቱቦ አለው። ሁለተኛው ሞተሩ ነው፤ ሁለት ሲሊንደር ጎን ለጎን፣ ጫፉ ላይ ከኋላ አክስል ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ጥርስ። ማርሽ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ። ሦስተኛው ምድጃው ነው፤ ቦይለሩ ሥር የሚገባ ክብ የብረት ሰሌዳ፣ በብዙ ቀጫጭን ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ የተሞላ። ብዙ ሰው የባርቤኪው ዕቃ ይመስለውና ይጥለዋል፣ አንጀት ያሳርራል።

የየትኛው ኩባንያ እንደሆነስ?

የሎኮሞቢል ሞተር ትንሽ ነው፣ ከመቀመጫ ሥር ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ኃይሉን ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው በሰንሰለት ነው። ዕቃው ሁሉ የብስክሌት ዘመድ ይመስላል፣ ቀጫጭን ነው። የስታንሊ ሞተር ተጋድሞ አክስሉ ላይ ይገጠማል። የኋይት ሞተር፣ ከመጀመሪያዎቹ በቀር፣ ፊት ለፊት ኮፈን ሥር ነው፣ ሁለቱ ሲሊንደሮችም እኩል አይደሉም፤ አንዱ ትንሽ አንዱ ትልቅ፣ ምክንያቱም እንፋሎቱ በትንሹ ከሠራ በኋላ በትልቁ ደግሞ ይሠራል። ኋይት በቱቦ የተሞላ ቦይለርም የለውም፤ የተጠቀለለ ቧንቧ ነው ያለው፣ ውሃው እየሄደ እዚያው እንፋሎት ይሆናል። ስለዚህ ጥቅልል ቧንቧ ካገኛችሁ ወደ ኋይት አስቡ፣ ግን ዶብልም በጥቅልል ነበር የሚሠራው።

ራዲያተር የሚመስል ነገር አግኝታችሁ "ይሄ የቤንዚን ነው" ብላችሁ አትለፉት። ኋይት እንፋሎቱን መልሶ ውሃ የሚያደርግበት ኮንደንሰር ፊት ላይ ነበረው፣ ስታንሊም ከ1915 ጀምሮ አደረገው።

ዕቃው ላይ "ፓት" ከሚል ቃል ጋር ዓመት ተጽፏል። የተሠራበት ዓመት ነው?

አይደለም። የፈጠራ መብቱ የተሰጠበት ቀን ነው። ዕቃው ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶም ሊሠራ ይችላል። የሚጠቅማችሁ ወደ ኋላ ለመገደብ ነው፤ "ከዚህ ቀን በፊት አልተሠራም" ማለት ትችላላችሁ። የፓተንቱ ቁጥር ካለ ደግሞ ጎግል ፓተንትስ ላይ በነፃ አስገቡት፣ ሥዕሉ ራሱ ይወጣል፤ ዕቃችሁን ከሥዕሉ ጋር አስተያዩት። ከዚህ የተሻለ መለያ የለም፣ ሰው ግን ሰንፎ አይሞክረውም።

ኦሪጅናል ነው ወይስ በኋላ የተሠራ?

በዚህ ዓለም "ኮፒ" ስድብ አይደለም። ስታንሊ የሚነዱ ሰዎች ዛሬም ስላሉ አዲስ ቦይለር፣ አዲስ ፓምፕ፣ አዲስ ምድጃ ይሠራላቸዋል፤ ለሚነዳ ሰው አዲሱ ቦይለር ከአሮጌው ይበልጣል። ችግሩ አዲሱን አሮጌ ነው ብሎ መሸጥ ነው። ምልክቱን ከላይ ሳይሆን ከውስጥ ፈልጉ። እውነተኛው ዕቃ የሚነካካበት ቦታ ላይ አልቋል፤ የቫልቩ መቀመጫ፣ የዳዶው ጠርዝ፣ ፓምፑ የሚመላለስበት። ሰው ቆይቶ በኬሚካል ያጠቆረው ግን እኩል ነው የሚጠቁረው፣ የማይነካውም ቦታ፣ የሚነካውም።

ሳላጸዳው በፊት ምን ላድርግ?

ፎቶ አንሱ። ከስድስቱም ጎን፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ፣ ማንኛውም ፊደልና ቁጥር በቅርብ። መብራቱን ከጎን አድርጉት፣ ከላይ ከሆነ የተመታው ቁጥር አይታይም። ቀለም ካለ ቀለሙንም፣ ወረቀት ወይም ሽቦ ታስሮበት ከሆነ እሱንም። የፈታችሁት ነገር ካለ እያንዳንዱን ብሎን በየኪሱ አድርጉ። የአሮጌ መኪና ብሎን ሆም ዲፖ አይገኝም።

ከዚያ አስቤስቶስ። ይሄን በቀልድ አትለፉት። የዚያ ዘመን ቦይለር የሚለበሰው፣ የእንፋሎት ቧንቧ የሚጠቀለለው፣ የቫልቭ ግንድ ላይ የሚጠመጠመው ገመድ፣ አብዛኛው አስቤስቶስ ነው። ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ የሚፈረፈር፣ ጭረት ጭረት ያለው ነገር ካያችሁ አትፈቅፍቁት፣ አትጥረጉት፣ በኮምፕሬሰር አየር አትንፉት፣ በቫኪዩም አትሳቡት። በውሃ አርጥባችሁ በወፍራም ላስቲክ ጠቅልሉትና ናሙናውን ላቦራቶሪ ስደዱ፤ ምርመራው ውድ አይደለም። ልጆች ባሉበት ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

ነሐሱን ላብለጭልጨው?

አይ። ቢያንስ እስክትለዩት ድረስ አይ።

የምሰማው ሁሌ ያው ነው፤ "ቢያብረቀርቅ ዋጋው ይጨምራል መስሎኝ።" ለሳሎን ጌጥ የሚገዛ ሰው ቢሆን ምናልባት። የእንፋሎት መኪና የሚጠግን ሰው ግን እንዲያብረቀርቅለት ከፈለገ ራሱ ያብረቀርቀዋል፤ እሱ የሚፈልገው የተመታው ቁጥር ሳይደበዝዝ፣ ጠርዙ ሳይከብ፣ ጥርሱ ሳይላላ ነው። ግራይንደር ላይ በሚገጠም ሽቦ ብሩሽ አምስት ደቂቃ ብትሠሩበት መቶ ዓመት የቆየውን ፊደል ትበሉታላችሁ። አሸዋ መርጨትም እንደዚያው።

ሌላም አለ። ነሐስ የመሰለው ሁሉ ራቁቱን አይደለም። ብዙው የኒኬል ቅብ ነበረው፤ ኒኬሉ ሲያረጅ ግራጫ ሆኖ ወደ ቢጫ ይመታል፣ ቆሻሻ ይመስላችኋል። ስትፈገፍጉት ቅቡ ይሄድና ከሥር ቢጫው ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የኒኬል ቀቢ ብቻ ነው።

ታዲያ በምን ይጸዳል? ሙቅ ውሃ፣ ትንሽ የዕቃ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽ። የሲሊንደር ዘይት ደርቆ እንደ ሬንጅ የያዘው ከሆነ አንድ ቀን ነጭ ጋዝ (ኬሮሲን) ውስጥ ይደር፣ ከእሳት ርቆ፣ በር ተከፍቶ። ኮምጣጤና የሎሚ አሲድ ለነሐስ አይመከርም፤ ዚንኩን ይበላና ዕቃው ወደ ሮዝ ይለወጣል። አሞኒያ ያለበት ፖሊሽ ከሁሉ ይብሳል፣ ምክንያቱም ውጥረት ያለበትን ነሐስ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ ዛሬ አይታይም፤ የሚታየው ገዢው ግፊት ሲያስገባበት ነው።

የዛገ ብረትስ?

መጀመሪያ ማግኔት። ካልሳበው ብረት አይደለም፣ ይሄ ክፍል አይመለከተውም።

ብረት ከሆነ በኤሌክትሪክ ማጽዳት በጣም ጥሩ ነው፤ ዝገቱን እንጂ ጤነኛውን ብረት አይበላም። የፕላስቲክ በርሜል ውሃ ትሞላላችሁ፣ ለአራት ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ዋሺንግ ሶዳ የሚባለውን ትጨምራላችሁ፤ የጋገራ ሶዳ ሳይሆን የልብስ ማጠቢያው። የባትሪ ቻርጀሩን ኔጋቲቭ ዕቃው ላይ፣ ፖዘቲቩን አንድ የማይፈለግ ብረት ላይ ታስራላችሁ፣ ሁለቱ ግን ውሃው ውስጥ እንዳይነካኩ። ትንንሽ አረፋ ከዕቃው ላይ መውጣት ሲጀምር እየሠራ ነው። በማግስቱ ዝገቱ ወደ ጥቁር ጭቃ ተለውጦ በጣት ይለቃል፣ ከሥሩ አንዳንዴ ማንም ያላወቀው የተመታ ቁጥር ይወጣል። እኔን ከዚህ ሥራ ጋር ያጣበቀኝ ያ ቁጥር ነው።

አረፋው ሃይድሮጅን ነውና ውጭ ወይም በር ተከፍቶ ይሠራ፣ ሲጋራ የለም። ፖዘቲቩ ላይ ስቴንለስ አትሰሩ፣ መርዛማ ክሮሚየም ውሃው ውስጥ ይገባል። ስፕሪንግም አታስገቡ፣ ሃይድሮጅኑ ይሰባብረዋል። ካወጣችሁት በኋላ ወዲያው አጥቡ፣ አድርቁ፣ ዘይት ቀቡ፤ ቡና ጠጥታችሁ እስክትመለሱ እንደገና ይዝጋል።

ብሎኑ አልፈታ አለኝ።

ተዉት። የምሬን ነው፤ ለመሸጥ ከሆነ ያልተፈታ ዕቃ ከተሰበረ ይሻላል። የግድ ከሆነ ግን ሰርጎ የሚገባ ዘይት ቀቡና ቀናት ስጡት፣ በየቀኑ ቀስ አድርጋችሁ ኳ ኳ አድርጉት፣ ከዚያ ትክክለኛ መፍቻ። የቧንቧ መፍቻ ነሐስ ላይ የሚተወው ንክሻ አይጠፋም። እሳት ደግሞ የነዳጅ ታንክ፣ የተዘጋ ተንሳፋፊ፣ ወይም ሁለቱም አፉ የተደፈነ ነገር ላይ በፍጹም። ባዶ የመሰለ ታንክ ነው የሚገድለው።

ጌጁን እንዴት ልሞክረው?

አትሞክሩት። ውስጡ ያለው ጠፍጣፋ ጥምዝ ቱቦ ነው፣ ግፊት ሲገባበት ሊዘረጋ ይሞክርና መርፌውን ይገፋል፤ የጋራዥ አየር ድንገት ከለቀቃችሁበት እዚያው ያልቃል። መስታወቱ ጠርዙ ተስሎ የተቆረጠ ከሆነ ራሱ ዋጋ አለው። የፊቱን ቁጥር በምንም ፈሳሽ አትጥረጉ።

ቦይለሩ ጤነኛ ይመስላል። እሳት ለኩሼ ባየውስ?

አይሆንም! ከዚህ ጽሑፍ አንድ መስመር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይሄንን አንብቡ። ከውጭ ጤነኛ የመሰለ ቦይለር ከውስጥ ቱቦው ወረቀት ሆኖ ሊሆን ይችላል። በአየር መሞከርም ያው ነው፣ የታመቀ አየር ሲፈነዳ ብረት ይወረውራል። የሚሞከረው ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቶ፣ ከውስጡ አየሩ ወጥቶ፣ በእጅ ፓምፕ፣ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ድረስ፣ ያውም በሚያውቅ ሰው ነው። ለመሸጥ ይሄ ሁሉ አያስፈልጋችሁም። "አልተፈተነም፣ ለእይታ ወይም ለናሙና" ብላችሁ ጻፉና ሽጡት።

ስንት ያወጣል?

ቁጥር እንድነግራችሁ ትፈልጋላችሁ፣ ሳላየው አልነግራችሁም። ግን ምን እንደሚወስነው ልናገር። ሞተር፣ ምድጃ፣ ፓምፕ፣ አውቶማቲክ ቫልቭ፣ ማለት መኪናው ያለነሱ የማይሄድባቸው ዕቃዎች፣ ሁሌም ፈላጊ አላቸው። ፊሽካና የነሐስ ፋኖስም ፈላጊ አላቸው፣ እነሱን ግን መኪና የሌለውም ሰው ስለሚገዛ ገበያው ይሰፋል፣ ኮፒውም ይበዛል። የስታንሊ ፈላጊ ከኋይት ይበዛል፣ ምክንያቱም የሚነዳው ስታንሊ ብዙ ነው። ያልታወቀ ዕቃ ደግሞ በኪሎ ዋጋ ነው የሚሄደው። የቦይለሩን የመዳብ ቱቦ መዘው ለቁራሌ የሸጡ አሉ።

ዋጋ ስታዩ ኢቤይ ላይ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠውን አጣሩ። መጠየቅማ ማንም ይጠይቃል።

የት ልሽጠው?

ኢቤይ ቀላሉ ነው፣ ግን ዕቃውን የሚያውቀው ሰው እዚያ ላይሆን ይችላል። የአሜሪካ የእንፋሎት መኪና ክለብ አለ፣ የእንግሊዝም አለ፤ አባሎቹ ፎቶ ብቻ አይተው የየትኛው ሞዴል እንደሆነ የሚነግሯችሁ ናቸው። መግዛት ባይፈልጉ እንኳ ለሚፈልገው ይደውሉላችኋል። ዲሲና ሜሪላንድ ላለን ደግሞ ፔንሲልቬንያ፣ ሄርሺ ላይ በየዓመቱ ጥቅምት አካባቢ የሚደረገው የአሮጌ መኪና ዕቃ ገበያ በመኪና የሚደረስ ነው። የሜርካቶ ሰው ቤቱ የገባ ነው የሚመስለው፤ ጨርቅ ዘርግተው የሚሸጡት ሽማግሌዎች ሲከራከሩ ማየት ብቻ ደስ ይላል። እግረ መንገዳችሁን ደላዌር፣ ኦበርን ሃይትስ ያለውን የማርሻል እንፋሎት ሙዚየም ግቡ። እዚያ ያሉት ስታንሊዎች ይነሳሉ፣ ይነዳሉ፤ እጃችሁ ላይ ያለው ዕቃ የት እንደሚገጠም በዓይናችሁ ታያላችሁ።

አንድ ምክር፤ መጀመሪያ "ልግዛው" ላለው ሰው ወዲያው አትስጡ። ዕቃውን ያወቀ ሰው ነው የሚቸኩለው። ሁለት ሦስት ሰው እስኪያየው ታገሱ።

ማስታወቂያው ላይ ምን ልጻፍ?

የምታውቁትን ብቻ። ስፋት፣ ቁመት፣ ክብደት፣ የተጻፈበት ፊደል እንዳለ፣ ማግኔት ይስበው አይስበው፣ የተሰነጠቀና የተበየደ ቦታ። "ስታንሊ ነው" ማለት የምትችሉት ካረጋገጣችሁ ብቻ ነው፤ ካልሆነ "የእንፋሎት ቫልቭ፣ የመኪና ሊሆን ይችላል" በቂ ነው። ስንጥቁን ደብቆ መሸጥ እዚህ ሰፈር አያዋጣም፣ ሁሉም ይተዋወቃል።

እንዴት ልላከው?

አሮጌ የብረት ቀልጦ ሥራ ሲወድቅ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ሁለት ካርቶን፣ በመካከል ጠንካራ ፎም፤ ጋዜጣ አይበቃም። ፓምፕና ታንክ ውስጥ ያለው ነዳጅ በሙሉ ወጥቶ፣ ደርቆ። ሞተርና ቦይለር ካርቶን ሳይሆን ፓሌት ላይ ታስሮ በጭነት ነው የሚሄደው፣ ዋጋውን ከመሸጣችሁ በፊት ጠይቁ።

አዲስ አበባ ቤተሰብ ቤት አሮጌ የእንፋሎት ዕቃ አለ፤ ይዤው ልምጣ?

ዝም ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። የምኒልክ ዘመን ማሽን ቁራጭ ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው የቅርስ ባለሥልጣን እንጂ ቦሌ ላይ የቆማችሁት እናንተ አይደላችሁም። ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱና ጠይቁ። እስከዚያ ድረስ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፣ ማንም አያብለጭልጨው።